ኮንታክተሩ በለቀቀ ቁጥር አርዱይኖው ይደነብርብኛል፤ ምን ይሻላል?

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

ቢሾፍቱ ነው ያለሁት። ጓሮ ውስጥ ከሞተ ፍሪጅ የጫጩት መፈልፈያ ሠርቻለሁ። 420 እንቁላል ይይዛል። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው አርዱይኖ የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር ነው። አርዱይኖው አንዲት ሰማያዊ የ5 ቮልት ሪሌ (በኤሌክትሪክ የምትታዘዝ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ) ያዛል። ሪሌዋ ኮንታክተር፣ ማለትም ከእሷ የሚበልጥ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ታስይዛለች። ኮንታክተሩ ደግሞ እያንዳንዳቸው 500 ዋት የሆኑ ሁለት ማሞቂያዎች ያበራል። የኮንታክተሩ ኮይል፣ ማለትም ኮንታክቱን ስቦ የሚይዘው የሽቦ ጥቅል፣ 220 ቮልት ነው።

ሙቀቱ 37.7 ዲግሪ ሲደርስ ኮንታክተሩ ቀጭ ብሎ ይለቃል። በዚያው ቅጽበት ስክሪኑ ላይ የማይነበብ ጽሑፍ ይረጫል። አንዳንዴ ደግሞ አርዱይኖው ጠፍቶ ከዜሮ ይነሳል። ሁልጊዜ አይደለም፤ ከአሥር አንዴ ገደማ። ሲይዝ ግን ምንም አይሆንም።

ከዜሮ ሲነሳ የቀን ቆጠራው ይጠፋበታል። ባለፈው ዙር 16ኛው ቀን ላይ ጠፍቶ እንደገና አንድ ብሎ መቁጠር ጀመረ። እንቁላሉን መገላበጥ 18ኛው ቀን ላይ ማቆም ሲገባው እስከ 21ኛው ቀን ሲያገላብጥ ከረመ። እኔ ለቅሶ ሄጄ ቤት አልነበርኩም። ስመለስ ከ420 እንቁላል የወጣው 97 ጫጩት ነው።

5 ቮልቱ ላይ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጨምሬያለሁ። ቻርጀሩንም ቀይሬያለሁ። ወይ ፍንክች። ዳዮድ (ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ግጠምበት የሚሉኝ አሉ። የት ነው የሚገጠመው?

ይህን የጻፍኩት ማክሰኞ ማታ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው መልስ ብዙ ነው፤ ግማሹ ጠብ ነው። ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ እንዲቀል፣ የመልሶቹን ቁጥር ጠብቄ በራሴ አፍ ላውጋችሁ። ስድቡን ቀንሼዋለሁ።

1ኛው መልስ የመጣው ሻይዬን ሳልጨርስ ነው። ከሐዋሳ ነው፤ ትሁት ሰው። መጀመሪያ ስለ ጫጩቶቹ አዘነልኝ። ቀጥሎ ጥፋተኛው የኮንታክተሩ ኮይል ሳይሆን እንደማይቀር ነገረኝ። ማስረጃው ሲይዝ ደህና ሆኖ ሲለቅ ብቻ መረበሹ ነው። ኮይል ውስጥ የሚሄድ ከረንት፣ በእሱ ምሳሌ፣ ጭነቱን ይዞ አባይ በረሃን የሚወርድ ሲኖትራክ ነው። ድንገት ቁም ቢሉት አይቆምም፤ ፊቱ ያገኘውን ይገጫል። መንገዱን ሲቆርጡበት መሄዱን ለመቀጠል የሚያስፈልገውን ያህል ቮልቴጅ ራሱ ይፈጥራል። በ24 ቮልት የምትሠራ ትንሽ ሪሌ እንኳ በዚያች ቅጽበት መቶዎች ቮልት ትተፋለች። የ220ው ሺህን ሊያልፍ ይችላል። መድኃኒቱን ሳይነግረኝ ተረኛ ነኝ ብሎ ወጣ።

2ኛው መልስ አንድ መስመር ተኩል ነበር። 1ኤን4007 ዳዮድ ከኮይሉ ጋር ትይዩ አድርጌ እንድገጥም፣ ነጩን መስመር ወደ ፖዘቲቭ እንዳዞር፣ በቃ። ከሥሩ የአውራ ጣት ምልክት አለበት።

ዳዮዱ ቤት ነበረኝ። የተበላሸ ቻርጀር ውስጥ አራት አይጠፋም። ኮንታክተሩ ላይ ኤ1 እና ኤ2 የተባሉትን ብሎኖች ፈታሁ። ፖዘቲቩ የቱ ነው? እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። ኤ1 ይሆናል ብዬ አሰርኩትና ብሬከሩን መለስኩ። ለጥቂት ሰከንድ ምንም የለም። ከዚያ ሙቀቱ ወረደና ሪሌዋ ጠቅ አለች። ጧ! ጓሮው ጨለመ።

በስልኬ መብራት አየሁት። ዳዮዱ ለሁለት ተከፍሏል። አንድ እግሩ ብሎኑ ሥር ቀርቷል፤ አጠገቡ ያለው ፕላስቲክ ላይ በጥቀርሻ የተነከረ ጣት ያረፈበት የሚመስል ጥቁር ነጥብ አለ። ሰማያዊዋ ሪሌ ደግሞ ኮንታክቷ ተጣብቆ ቀርቷል። በስክሩድራይቨር እጀታ ባንኳኳትም አልለቀቀችም። እንቁላል ውስጥ ባለመኖሩ ተመስገን ነው።

ወደ ክሩ (ወደ ጥያቄዬና ወደ መልሶቹ) ስመለስ 3ኛው መልስ እየጠበቀኝ ነበር። ከተጻፈ 20 ደቂቃ ሆኖታል። ጸሐፊዋ ዱከም አካባቢ ፋብሪካ ውስጥ የፓነል ሥራ ላይ ያለች እህት ናት። ዳዮዱን እንዳልነካ ነበር የምታስጠነቅቀኝ። ኮይሌ በቤት መብራት የሚሠራ 220 ከሆነ ኤሲ ነው። ኤሲ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ዳዮድ ደግሞ በአንድ በኩል በር፣ በሌላው በኩል ግድግዳ ነው። በሩ በሚከፈትበት ግማሽ ሞገድ ፌዝና ኒውትራል በዳዮዱ በኩል ይገናኛሉ፤ ያ ደግሞ ሾርት ነው። ዳዮድ የዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ከረንት) ኮይል መድኃኒት እንጂ የኤሲ እንዳልሆነ አስረግጣ ጽፋለች። ለ2ኛው ሰው የላከችው መልእክት ለብቻው ነበር፤ የሰው ቤት ከሚያቃጥል ምክር ዝምታ እንደሚሻል የሚገልጽ፣ ለስለስም ያላለ።

4ኛው መልስ የዚያው የ2ኛው ሰው ነው። ተቀይሟል። በእሱ ክርክር፣ እኔ ጠያቂው 220 ቮልት አልኩ እንጂ ኤሲ ብዬ አልጻፍኩም፤ 220 ቮልት ዲሲ ኮይልም በዓለም ላይ አለ። ልክ ነው፣ አለ፤ ትልልቅ የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያዎች በባትሪ ዲሲ ነው መቆጣጠሪያቸውን የሚያንቀሳቅሱት። 5ኛው መልስ ላይ እህታችን ቢሾፍቱ ያለ ፍሪጅ ጓሮ ውስጥ የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ ባትሪ ማን እንደተከለለት ጠየቀች። ብዙ ሰው ሳቀ። እኔም ከነጥቀርሻዬ ሳቅኩ።

6ኛው የእኔ ነው። የሆነውን ተናዘዝኩ፤ የሣጥኑን ፎቶም ለጠፍኩ። ፎቶው በኋላ ሌላ መዘዝ አመጣ።

7ኛው መልስ አንድ አባት አመጣልን። በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ሁላችንንም ልጆቼ ብለው ጀመሩ፤ የተጣሉትን ሁለቱንም ጨምረው። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚህ ክር አንድ መልስ ብቻ አንብብ ብባል የእርሳቸውን ነው የማነበው።

የጀመሩት ላዳ ታክሲ የነዳ ሰው መካከላችን እንዳለ በመጠየቅ ነው። የድሮ ላዳ ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ፑንቲና አለ፤ የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ ኮንታክት። ፑንቲናው በተከፈተ ቁጥር የኮይሉን ከረንት ይቆርጣል። ያኔ ከ12 ቮልት ባትሪ ተነስቶ ካንዴላው ላይ እሳት የሚያስዘልል ብዙ ሺህ ቮልት ይወጣል። እኔ የምሸሸውን ነገር መካኒኩ ፈልጎ ነው የሚያመርተው። ከፑንቲናው ጎን ደግሞ እንደ ጣት ጫፍ የምታክል የቆርቆሮ ኮንደንሰር ትታሰራለች። እሷ ከሞተች ፑንቲናው እየተቃጠለ ያልቃል፤ መኪናውም ይንተፋተፋል። ሥራዋ ፑንቲናው በደንብ እስኪከፈት ድረስ ያንን ጉልበት መቀበል ነው። አዲስ ነገርም አይደለም። ጆሴፍ ሄንሪ የተባለ አሜሪካዊ መምህር ረጅም ሽቦ ከባትሪ ሲነቀል የምትታየውን ፍንጣሪ አስተውሎ እ.ኤ.አ. በ1832 ጽፎበታል። የኮይል መለኪያ ሄንሪ የተባለው በእሱ ስም ነው።

ከዚያ ወደ እኔ ሣጥን መጡ። የሪሌዋ ኮንታክት መከፈት ሲጀምር በመሀል ያለው አየር ከፀጉር የቀጠነ ነው። ቮልቴጁ ይወጣና ያችን ክፍተት በፍንጣሪ ይሻገራል። ፍንጣሪው ይጠፋል፣ እንደገና ይወጣል፣ እንደገና ይሻገራል። ኮንታክቱ ተከፍቶ እስኪያልቅ ድረስ ይህ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ለእኛ አንድ ቀጭ ነው፤ ለአርዱይኖው ግን የድንጋይ ናዳ። ከአሥር አንዴ ብቻ የሚሆንበትንም ምክንያት ነገሩን። ኤሲ ከረንት ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። ኮንታክቱ የተከፈተው ከረንቱ ዜሮ አካባቢ ሳለ ከሆነ ኮይሉ ውስጥ የሚተፋ ነገር የለም። ጫፍ ላይ ሳለ ከተከፈተ ግን ጉድ ይፈላል። የትኛው እንደሚገጥም ዕድል ነው።

መድኃኒቱ 100 ኦም ሬዚስተር እና 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ነው፤ ሁለቱ ተከታትለው፣ ከኮይሉ ጋር ትይዩ። አርሲ የሚባለው ይህ ነው። ካፓሲተሩ የቮልቴጁን አወጣጥ ያዘገያል፤ ፍንጣሪው እንደገና ለመሻገር ጊዜ ያጣል። ሬዚስተሩ ለምን ካላችሁ፣ ያለ እሱ ኮንታክቱ ሲዘጋ ባዶው ካፓሲተር ከረንቱን በአንድ ጊዜ ይጎርሳል፤ ያ ራሱ ኮንታክት ያጣብቃል። ደግሞም ካፓሲተርና ኮይል ብቻቸውን ከተተዉ እንደ ዥዋዥዌ ይወዛወዛሉ። ሬዚስተሩ ያረጋጋቸዋል።

አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ደጋገሙ፤ የሚታሰረው ኮይሉ አፍ ላይ፣ ኤ1 እና ኤ2 ላይ ነው። አርዱይኖው ጎን አይደለም፤ ሽቦው መሀል ላይም አይደለም። ከኮይሉ እስከ ሪሌዋ ያለው ሽቦ አንቴና ነው። ረብሻው ሽቦው ላይ ከወጣ በኋላ ማሳደድ አያልቅም።

የሰጡኝ መመርመሪያም ደስ ይላል። የድሮ ሬዲዮ በመካከለኛ ሞገድ፣ ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ አድርጌ ሣጥኑ አጠገብ እንዳስቀምጥ። ኮንታክተሩ ሲለቅ ሬዲዮው ከተንጣጣ ረብሻው አለ። ኦሲሎስኮፕ ለሌለው ሰው ይህ ይበቃል።

8ኛው ከቨርጂኒያ ነው። ኤሲ ጠጋኝ ነኝ ሲል መጀመሪያ አልገባኝም ነበር፤ ለካ ቤት የሚያቀዘቅዘውን ኤሲ ነው። እዚያ የኤሲዎቹ ኮንታክተር ኮይል 24 ቮልት ነው፤ እሱም ተለዋዋጩ ኤሲ። እሱ የሚመርጠው ቫሪስተር ነው። ቫሪስተር ቮልቴጁ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ብቻ በሩን የሚከፍት ክብ ነገር ነው፤ በሁለቱም በኩል ስለሚሠራ ለኤሲ ይስማማል። ለእኔ 220 ደግሞ 10ዲ431 የተጻፈበትን ጠቆመኝ። 431 ማለት 43 ላይ አንድ ዜሮ፣ 430 ቮልት ነው። የ220 ጫፍ 311 ስለሆነ በሰላሙ ጊዜ ዝም ብሎ ይቀመጣል። አርሲውን ኮይሉ ላይ ሳይሆን ኮንታክቱ ላይ ያሰረ ሰው ግን፣ ኮንታክቱ ክፍት ሳለም በካፓሲተሩ በኩል 4.5 ሚሊአምፔር ገደማ እንደሚያልፍ እንዲያውቅ አሳሰበ።

9ኛው ላይ የዱከሟ እህት አረመችው፤ ይህችን ጊዜ በትህትና። 4.5 የአሜሪካ ቁጥር ነው፤ 120 ቮልት በ60 ኸርዝ። እኛ ጋ 220 በ50 ነው። 0.1 ማይክሮፋራድ ለ50 ኸርዝ 32 ሺህ ኦም ገደማ ነው፤ የሚያልፈው 7 ሚሊአምፔር ይሆናል። ትንሽ ነው ብሎ የሚንቅ ካለ፣ እሷ ያየችው አለ። ማጓጓዣ ቀበቶ አቁም ሲባል አልቆም አለ። አንድ ቀን ተኩል የፒኤልሲው (የፋብሪካው መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር) ፕሮግራም ሲበረበር ዋለ። ፕሮግራሙ ጤነኛ ነው። ሰው አርሲ ኮንታክት ላይ አስሯል፤ የሚታዘዘው ደግሞ ጥቂት ሚሊአምፔር የሚበቃት ትንሽ የ220 ሪሌ ነበረች። የሚያልፈው ፍርፋሪ እሷን ይዞ ለማቆየት በቂ ነበር። የቨርጂኒያው ሰው አመሰገነ። ቫሪስተር በተመታ ቁጥር እየደከመ እንደሚሄድ፣ የሚቆርጠውም የቮልቴጁን ጭንቅላት እንጂ ፍጥነቱን እንደማያዘገይ ራሱ ጨመረ። ስለዚህ ሁለቱን አብሮ ማሰር የሚሻል መሆኑን ተስማሙ።

10ኛው ላይ አንድ ልጅ ከአሮጌ ቴሌቪዥን ቦርድ የነቀለው 400 ቮልት የሚል ካፓሲተር ይሆን እንደሆነ ጠየቀ። 11ኛው የእህታችን ነበር፤ አይሆንም። ያ 400 የዲሲ ነው። ሌት ተቀን መብራት ላይ የሚውል ካፓሲተር ኤክስ2 የሚል ሊኖርበት ይገባል፣ ከ275 ቮልት ኤሲ ጋር። ኤክስ2 ሲበላሽ እሳት እንዳያነሳ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ሌላው ሾርት ሆኖ ይነዳል።

12ኛው ምን አለሽ ተራ ዕቃ ሲነቅል የሚውል ወጣት ነው። እንደ እሱ ምክር፣ የሞተ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ መግዛት ይበቃል። መብራቱ ከሚገባበት ሶኬት ቀጥሎ ያለችው ቢጫ አራት ማዕዘን ሣጥን ናት። ብዙ ጊዜ ኤክስ2 ተጽፎባታል። ከመንካት በፊት ትልልቆቹ ጥቋቁር ካፓሲተሮች የያዙትን ኤሌክትሪክ ማራገፍ እንዳይረሳ አጥብቆ አስጠነቀቀ። አንዴ ክንዱን እስከ ትከሻው አደንዝዞታል።

ከዚያ ክሩ ወደ ዶሮ ሄደ። 13ኛው የአንድ ቀን ጫጩት ስንት እንደምሸጥ ጠየቀ። 14ኛው የፈንግል ክትባት በስንተኛው ቀን እንደምሰጥ። 15ኛው የእኔን እንቁላል ጥራት ተጠራጠረ፤ አውራ ዶሮው አርጅቶ ይሆናል ብሎ። 16ኛው ስሙን ሲጠራው ክንፉን የሚያራግፍ አውራ ዶሮ እንዳለው ነገረን፤ ምን አገባን። አንድ ቁም ነገር ግን ከዚህ መሀል ወጣ። 17ኛው ቀኑን ኢኢፕሮም (መብራት ቢጠፋም የማይሰረዝ የአርዱይኖው ማስታወሻ) ላይ እንድጽፍ መከረኝ። ያኔ አርዱይኖው ቢነሳም ቀኑን ያስታውሳል። በቀን አንዴ መጻፍ ደግሞ ኢኢፕሮሙን አይጨርሰውም፤ መቶ ሺህ ጊዜ ይጻፍበታል። ስፓይኩን (ኮይሉ ድንገት የሚተፋውን ቮልቴጅ) አያጠፋም፤ እንቁላሉን ግን ያተርፋል። አስተባባሪው መጥቶ ዶሮውን ከክሩ አስወጣ።

18ኛውን ያነበብኩት ሁለት ጊዜ ነው። ውሃ በጠርሙስ በሚያሽግ ፋብሪካ የሚሠራ ነው። ዳዮድ ለዲሲ መድኃኒት ነው ሲባል ሰምቶ ዝም ማለት አልቻለም፤ ዳዮድም ዋጋ ያስከፍላል። እነሱ ጋ ውሃውን የሚዘጋው በ24 ቮልት ዲሲ የሚሠራ ሶሌኖይድ፣ ማለትም በኮይል የሚታዘዝ፣ ቫልቭ ነው። አዲስ የመጣ ቴክኒሻን ስፓይኩን ለማጥፋት ዳዮድ አሰረበት። ስፓይኩ ጠፋ። ጠርሙሶቹ ግን አፋቸው ድረስ እየሞሉ መጡ። ዳዮድ ከረንቱን የሚቃወመው በ0.7 ቮልት ብቻ ነው። ከረንቱ በዚያ ለስላሳ መንገድ እየዞረ ቀስ ብሎ ነው የሚሞት፤ ቫልቩም እስኪሞት ይዘገያል። በሚሊሰከንድ የሚቆጠር ነው፤ መስመሩ ሲፈጥን ግን ጠርሙስ ውስጥ ይታያል። ያስተካከሉት ከዳዮዱ ጋር 24 ቮልት ዜነር (ቮልቴጁ 24 ሲደርስ በግልባጩም የሚያሳልፍ ዳዮድ) በተቃራኒ አቅጣጫ አስከትለው ነው። ከረንቱ ከ0.7 ይልቅ 25 ቮልት ገደማ ሲቃወመው ቶሎ ይሞታል። ቫልቩን የሚያዘው ትራንዚስተር ግን ከዚያ በኋላ የ24ቱንና የ25ቱን ድምር መሸከም አለበት፤ 49 ቮልት ገደማ። ያንን ሳያዩ የቀየሩ ጊዜ ሦስት ትራንዚስተር አቃጥለዋል።

19ኛው አጭር ነበር። የሕንፃ ዕቃ ማንሻ ላይ የሚሠራ ሰው ነው። ፍሬኑ ኮይል ላይ እንዲህ ያለ ዳዮድ ያሰረ ሰው፣ ሸክሙ ሳይቆም ወደ ታች ሲሄድ ያየዋል። ሌላ አልጨመረም።

20ኛው ፎቶዬን ያየው ሰውዬ ነው፤ ከክሩ ሁሉ የከረረው። ኮይል ኮይል መባሉ ሰለቸው። ጥፋቱ የእኔ የሽቦ አሠራር ነው። የሙቀት መለኪያዋን ቀጭን ሽቦ ከ220ው ጋር አብሬ፣ በአንድ ማሰሪያ፣ ሜትር ያህል ጠፍሬያታለሁ። የፍሪጁ ቆርቆሮ ኤርዝ የለውም። ሪሌ ሞጁሏ ላይ ጄዲ-ቪሲሲ የምትለው ጃምፐር (ሁለት እግሮች የምታገናኝ ትንሽ ቆብ) ሳትነቀል እንዳለች ናት፤ ስለዚህ ሪሌዋን ከአርዱይኖው በብርሃን እንዲለይ ኦፕቶ ተብሎ የተገዛው መለያ ባዶ ጌጥ ነው፤ ሪሌዋና አርዱይኖው ከአንድ 5 ቮልት ይጠጣሉ። እንዲህ ያለ ሣጥን የሠራ ሰው ካፓሲተር ሳይሆን ትምህርት ነው የሚያስፈልገው። አመመኝ። ግን ፎቶውን መልሼ ሳየው አንዱንም መካድ አልቻልኩም።

21ኛው ላይ አባታችን ገቡ። ሰውየውን ልክ ነህ ልጄ አሉትና፣ ቢሆንም ቅደም ተከተሉን ቀየሩበት። ጣሪያው ሲያፈስ ዕቃውን ከማሸሽ በፊት ቀዳዳው ይደፈናል። መጀመሪያ ኮይሉ ላይ፣ ቀጥሎ ሽቦው። ሰውየው አልተዋጠለትም። 22ኛው ላይ ደንበኛ ኤርዝና የተለየ የሽቦ መንገድ ባለበት ፓነል አርሲ ሳይገጥም አሥር ዓመት ሠርቷል። 23ኛው የእህታችን ነበር፤ በእነዚያ አሥር ዓመታት ስንት ሪሌ እንደቀየረ ጠየቀችው። መልስ አልመጣም። እኔ ፍርዴን ልስጥ ከተባለ አባታችንን ነው የምከተለው፤ ግን ሽቦውንም ለየሁት።

24ኛው ደግሞ ከመጀመሪያው ሊጠየቅ የሚገባውን ጠየቀ። ለ1000 ዋት ኮንታክተር ምን ይሠራል? 4.5 አምፔር ነው፤ ሰማያዊዋ ሪሌ ላይ 10 አምፔር ተጽፏል። ማሞቂያ ኮይል አይደለም፣ አይተፋም። ኮንታክተሩን ባወጣው ስፓይኩም አብሮ ይወጣል። በወረቀት ልክ ነው። እኔ ግን ኮንታክተር ያስገባሁት ሁለት ሰማያዊ ሪሌዎች በማሞቂያው ተጣብቀውብኝ፣ አንዴም 60 እንቁላል ቀቅለውብኝ ነው። 25ኛው ሶሊድ ስቴት ሪሌ (የሚንቀሳቀስ ኮንታክት የሌለው) ግዛ አለ፤ ዜሮ ላይ ስለሚያጠፋ ረብሻ የለውም። 26ኛው ላይ የውሃ ፋብሪካው ሰው መልሶ መጣና፣ እሱም ሲሞት ብዙ ጊዜ ተዘግቶ እንደሚሞት አስታወሰ። የትኛውንም ልያዝ፣ ከአርዱይኖው ጋር የማይገናኝ፣ ሙቀቱ ሲያልፍ ራሱ የሚቆርጥ ሁለተኛ ቴርሞስታት ያስፈልገኛል። ያንን ገዛሁ።

27ኛው የእኔ ነው፤ ከ12 ቀን በኋላ።

ከሞተ ፓወር ሰፕላይ ቢጫዋን ካፓሲተር ነቀልኩ። 0.22 ማይክሮፋራድ ሆና ተገኘች። አባታችንን በውስጥ መስመር ጠየቅኳቸው፤ ኮይሉ ላይ ከሆነ ምንም አይደል አሉኝ። 100 ኦም የአንድ ዋት ሬዚስተር አስከተልኩላት። ከጎኗ ቫሪስተር። ሁለቱንም ኤ1 እና ኤ2 ላይ። ከማሰሬ በፊት የእናቴን ሬዲዮ አምጥቼ ክዳኑ ላይ አስቀመጥኩት። ኮንታክተሩ በለቀቀ ቁጥር ሬዲዮው እንደ ቆሎ ተንጣጣ፤ አንዳንዴ ዝቅ ብሎ፣ አንዳንዴ ጮሆ፣ ልክ ዕድል ነው እንዳሉት። ካሰርኩ በኋላ አሥራ አምስት ጊዜ አስለቀቅኩት። የሚሰማው የኮንታክተሩ ቀጭታ ብቻ ነው። ሬዲዮው ሹሹታውን እንደያዘ ዝም።

ያን ሳምንት 400 እንቁላል አስገባሁ። እስካሁን አርዱይኖው አልተነሳም። ስክሪኑም አልተበላሸም።

28ኛው የዚያ የዳዮዱ ሰው ነው። እንኳን ደስ ያለህ አለና፣ የተቃጠለችውን ሰማያዊ ሪሌ ዋጋ ልክፈልህ ብሎ የባንክ ቁጥር ጠየቀ። ቀልድ መሰለኝ። አይደለም፤ በውስጥ መስመርም ደግሞ ጻፈ። ጫጩቶቹ ሲወጡ አራት እንደምሰጠው ተስማማን፤ እሱ ደብረ ብርሃን ነው፤ እንዴት እንደምልክለት ገና አላወቅንም። የዱከሟ እህት 29ኛው ላይ አንዲት የሳቅ ምልክት ብቻ ጣለች።

30ኛው የአባታችን ነው። አዲሱን ፎቶ አጉልተው አይተውታል። የቫሪስተሩ እግሮች ራቁታቸውን ናቸው፤ አንዱ ከፍሪጁ ቆርቆሮ የሚርቀው ጥፍር ያህል ነው። ዛሬውኑ እንዳለብሰው፣ ብሬከሩን አውርጄ እንድሠራ፣ መብራቱ መቋረጡንም በቴስተር እንዳረጋግጥ አዘዙኝ። የቢክ እስክሪብቶ ቀለም መያዣ ቱቦ ቆርጬ ላልብስበት ወይ ብዬ ብጠይቃቸው ተቆጡ፤ ሙቀት ሲያገኘው ይቀልጣል። ነገ ጠዋት ትክክለኛውን መሸፈኛ ለማምጣት አዳማ እወርዳለሁ። ለጊዜው ኢንሱሌሽን ቴፕ ጠቅልዬበታለሁ።